ሰዓቱን እንዳትነካ

[ሬሜዲዮስ፣ ኩባ። የእርግብ አብራሪዎች ማኅበር ክፍል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ አጠገቡ ቀኑን ሙሉ ሰዓት የሚናገር ትንሽ ሬዲዮ።]

ኒሴቶ፦ ጋሼ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ጃንዋሪ አንድ ይላል ነው ያልኩት።

ቶርኳቶ፦ ይበል! አንተን ምን ቸገረህ?

ኒሴቶ፦ ዛሬ እኮ ማርች ነው።

ቶርኳቶ፦ ለማሽኑ ማን ነገረው? ትናንት መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ይህ ሰውዬ ሁሉን ይረሳል። ሲረሳ ወደ ጃንዋሪ አንድ፣ 1998፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ይመለሳል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ቀኑንም ሰዓቱንም እነግረዋለሁ። በቃ።

ኒሴቶ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር?

ቶርኳቶ፦ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ። ሰዓት ያዥ መሆን ቀላል መሰለህ?

ኒሴቶ፦ አይ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ ትጠግን የለ? ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ የሚረሳው እሷ ስለሞተች ነው አለችኝ። ከተሰበረ የሰው ሚዛን አውጥታ አንድ ሰጠችኝ። ይቺውና።

[ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ክብ ባትሪ ያወጣል።]

ቶርኳቶ፦ ከሚዛን? ኮምፒውተሩን ልትመዝነው ነው?

ኒሴቶ፦ ልካቸው አንድ ነው አለች።

ቶርኳቶ፦ ስማኝ አንተ ሰው። አርባ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ይህ ማሽን የሚበላው ከግድግዳው ነው። ለበሬ አንድ ፍሬ ባቄላ አጉርሰህ እረስ ትለዋለህ?

ኒሴቶ፦ አልለውም።

ቶርኳቶ፦ ታዲያ! የዚህ ማሽን ባትሪ እኔ ነኝ። አስገባት ኪስህ።

[ኒሴቶ ያስገባታል። ቶርኳቶ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ ያስተካክላል።]

ቶርኳቶ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አይነግራችሁም። ኒሴቶን ግን በማኅበሩ "ነገር ዘግይቶ የሚገባው" ይሉታል። እሱም ይሰማል፤ ምን ያድርግ፣ ጋሪውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ዛሬ ግን ጋሪውንም አላወጣም። አውሎ ነፋስ የእሱን የእርግብ ቤት ጣራ ይዞ ከሄደ ወዲህ የቀረችው አንዲት እርግብ ናት፤ ሎላ። እሷም በሦስተኛው ቀን ጭቃ ለብሳ፣ በእግሯ እያዘገመች ነበር የተመለሰችው። ማኅበሩ ደግሞ ሦስት ዓመት አንደኛ ያልወጣ አባል እርግቦቹን ወደ መልቀቂያው በሚወስደው ጭነት መኪና ላይ ያለውን የቅርጫት ቦታ ይለቃል ብሎ ወስኗል። ቦታ የሌለው አያወዳድርም። ኒሴቶ አንደኛ ከወጣ ዛሬ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

ለዛሬው የውድድር ዙር እርግቦቹ ጎህ ሲቀድ ከባራኮዋ፣ ከደሴቲቱ ዳር ተለቀዋል። እርግብህ ቤትህ ስትገባ የእግሯን ቀለበት አውልቀህ ወደዚህ ክፍል ትሮጣለህ፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለህ፤ ማሽኑ ራሱ ቀኑንና ሰዓቱን ያትምበታል። አሠራሩ ይኸው ነው። ያወጣውም ቶርኳቶ ነው።

[ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ቶርኳቶ በካርቶን ቁራጭ እያራገበ፣ የተጠበሰ ሙዝ ይበላል። ኒሴቶ ቀለበት በመዳፉ ጨብጦ፣ እያለከለከ ይገባል።]

ኒሴቶ፦ ደረሰች ጋሼ። ሎላ ደረሰች።

ቶርኳቶ፦ የት ነው የደረሰችው?

ኒሴቶ፦ ቤት ነዋ። ማንም ሳይቀድማት። ቀለበቷ ይኸው።

ቶርኳቶ፦ ማሽኑ ጽፏል?

ኒሴቶ፦ መብራት የለም እኮ።

ቶርኳቶ፦ እንግዲያው አልደረሰችም።

ኒሴቶ፦ ውሃ ስትጠጣ ነው ትቻት የመጣሁት።

ቶርኳቶ፦ በደንቡ መሠረት አየር ላይ ናት።

ኒሴቶ፦ አየር ላይ ሆና ከባልዲ ትጠጣለች?

ቶርኳቶ፦ [በጣቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያሳየ] ደንብ ሰባት። አንብብ።

ኒሴቶ፦ [ፊደል እየቆጠረ] "ማሽኑ የጻፈው የመጨረሻ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ይቀድማል። የተከራከረ አንድ ዓመት ይታገዳል።"

ቶርኳቶ፦ አምና አንዱ መጥቶ ሰዓትህ አራት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል፣ የእኔ ናት የቀደመችው አላለም?

ኒሴቶ፦ ብሏል። እውነቱን ነበር እኮ።

ቶርኳቶ፦ የት አለ ዛሬ?

ኒሴቶ፦ ታግዶ።

ቶርኳቶ፦ ጎሽ። ቁጭ በል።

ኒሴቶ ተቀመጠ። ቀለበቷን በሁለት እጁ ይዞ አምፖሉን ያያል፤ አምፖሉ ግን ምንም የለውም። አስር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየ። ያኔ የቶርኳቶ ሚስት ኦንዲና በመስኮቱ እጇን አስገብታ፣ ካፒታና አሁን ገባች ብላ የባሏን እርግብ ቀለበት አቀበለች። ቶርኳቶ ከወንበሩ ብድግ አለ። እጇ ከመስኮቱ ሳይወጣ መብራቱ ቦግ አለ፤ ማሽኑም እየተንቋቋ ተነሳ።

ቀድሞ የመጣው ኒሴቶ ነው፤ ተራው የእሱ ነው። ቶርኳቶ አፍታ አሰበ። ሰዓቱን አሁን ካስተካከለ ሎላ ቀድማ በትክክል ልትጻፍ ነው። ካላስተካከለስ? በ1998 ደረሰች የተባለች እርግብ ማን ከቁጥር ያስገባታል? ፈገግታው እስከ ጆሮው ደረሰ።

ቶርኳቶ፦ ተራህ ነው ወንድሜ። ጻፍ።

ኒሴቶ፦ ጃንዋሪ አንድ ይላል።

ቶርኳቶ፦ ሰዓቱን እንዳትነካ። ሰዓት የሚነካ ሰዓት ያዥ ብቻ ነው።

ኒሴቶ፦ እንግዲያው እርስዎ ይንኩልኝ።

ቶርኳቶ፦ ይህን ያህል ቸኩለህ መጥተህ አሁን ልጠብቅ ትላለህ? ወይ ጻፍ፣ ወይ ተነሳልኝ።

ኒሴቶ፦ ካልሆነ ይቺን ባትሪ...

ቶርኳቶ፦ ያቺን ነገር ዳግመኛ እንዳላያት!

[ኒሴቶ ባትሪዋን ወደ ኪሱ ይመልሳል። በአንድ ጣቱ ቁጥሩን ይጽፋል። ማሽኑ ያትማል፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1998፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።]

ከዚያ ቶርኳቶ ተቀመጠ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን፣ ሰከንዱን ሳይቀር አስተካከለ። ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ደስ እያለው የካፒታናን ቁጥር ጻፈ፦ ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አራት። ወደ ማታ የሌሎቹም አባላት እርግቦች ገብተው ተጻፉ። ማሽኑ ሁሉንም በየደረሱበት ቀንና ሰዓት ደርድሮ ወረቀቱን ተፋ። ቶርኳቶ ሳያየው ፈርሞ፣ የማኅበሩን ማኅተም ረግጦ፣ በሩ ላይ ለጠፈው።

ኒሴቶ፦ [አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ] ጋሼ፣ አንደኛ የሚጻፈው ከላይ ነው ከታች?

ቶርኳቶ፦ ከላይ ነዋ፣ የኔ ሞኝ።

ኒሴቶ፦ ከላይ ሎላ ናት።

ቶርኳቶ፦ [እየሳቀ መጥቶ ያነባል። ሳቁ ያልቃል።] ይሄማ ስህተት ነው። ሎላ እኮ በ1998 አልተፈለፈለችም!

ኒሴቶ፦ አልተፈለፈለችም። ያኔ እናቷም፣ አያቷም አልነበሩም።

ቶርኳቶ፦ ታዲያ ሳትወለድ እንዴት ደረሰች?

ኒሴቶ፦ እኔ ምን አውቄ። ማሽኑ ነው የጻፈው።

ቶርኳቶ፦ ማሽኑ ረስቶ ነዋ!

ኒሴቶ፦ እኔም ረስቷል ብዬ ነበር። ሰዓቱን እንዳትነካ አሉኝ፤ አልነካሁም። ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ፊርማውም የእርስዎ ነው። አሁን እየተከራከሩ ነው፣ ጋሼ?

[ቶርኳቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ደንብ ሰባት ያያል። በራሱ እጅ የተጻፈ ነው።]

ቶርኳቶ፦ አልተከራከርኩም። መጠየቅ መከራከር ነው?

ኒሴቶ፦ ደግሞ እኮ እውነትም የቀደመችው እሷ ናት። ቀለበቷን ይዤ እዚህ ስቀመጥ የእርስዎ ገና አልገባችም ነበር።

ኒሴቶ እጁን ሰደደና ወረቀቱ ላይ የሎላን ስም በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቦታዬን አልወሰዱብኝም አለ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው። ቶርኳቶ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋ፣ መፍቻውንም ከመሳቢያው አወጣ።

ቶርኳቶ፦ በል እስቲ፣ ያቺን ባትሪ አምጣት።

ኒሴቶ፦ የቷን? ባቄላዋን?

ቶርኳቶ፦ አምጣት አልኩህ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ዛሬውኑ አስገባታለሁ።

ኒሴቶ፦ [የደረት ኪሱን ቁልፍ ቀስ ብሎ እየቆለፈ] ግድ የለም ጋሼ፣ የዘንድሮው ውድድር ሲያልቅ እሰጥዎታለሁ። ሎላ ገና ሦስት ዙር ይቀራታል።