ንጉሡና የጭብጨባው አለቃ

ባቡር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ፓሪስ ውስጥ አንድ ኦፔራ ቤት ነበር። ቤት ማለት ያንሰዋል፤ አገር ነበር። መድረኩ ላይ እውነተኛ ፈረሶች ይጋልባሉ፣ ካቴድራል ከነደወሉ ይቆማል። ማጋነን አይሁንብኝ እንጂ በሸራና በሳንቃ የተሠራችው ከተማ ውጭ ካለችው ፓሪስ ትሰፋ ነበር። የለም ብሎ የሚከራከር ቢኖርም በጭብጨባው ምክንያት አይሰማም።

በዚያ አገር ዘፋኙ ሙሴ ኦዲሎን ንጉሥ ነበር። ማታ ማታ በወርቅ የተለበጠ ዘውዱን ደፍቶ፣ ደመና የሚነካ ዙፋን ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። አምስተኛው ገቢር ላይ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ ያችን ቀጭን ረጅም ድምፅ ይለቃታል። ያን ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከመጋረጃ ጀርባ ችቦ ይዘው የቆሙት ሠራተኞች ጭብጨባውን ሲሰሙ ከተማዋን ያቀጣጥሏታል፤ ምልክታቸው እሱ ነው። ንጉሡም በጭሱ መሀል ቆሞ የመጨረሻውን ዜማ ይጨርሳል።

የሚያስጨበጭበው ሙሴ ባርናቤ የሚባል መዳፉ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ኦፔራ ቤቶች አጨብጫቢ ይቀጥሩ ነበር፤ ባርናቤ አለቃቸው ነው። ከትልቁ መብራት ሥር ይቀመጣል። እሱ ሲጀምር ጭፍሮቹ ይከተላሉ፣ ጭፍሮቹን አይቶ ሕዝቡ ከጎረቤቱ ላለማነስ ያጨበጭባል። ባርናቤ ዘፈኑን አዳምጦ አያውቅም። የሚያየው የንጉሡን ቀኝ እጅ ነው፤ እጅ ከተነሣ ይጨበጨባል፣ አለቀ።

የንጉሡ ድምፅ ግን ካለቀ ቆይቷል። አንድ ቀን ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ፣ «ሙሴ፣ ከእንግዲህ አንዴ እዚያ ጭስ ውስጥ ቢዘፍኑ፣ መዝፈኑ ቀርቶ ‹ውሃ ስጡኝ› ማለትም አይችሉም» አለው።

«በቃ ተወዋ!» አለችው ሚስቱ ማዳም ክሎቲልድ።

«ልተወው ነው። ዛሬ ማታ እሳቱ ሳይለኮስ ለሕዝቡ ራሴ እነግራለሁ።»

«ባርናቤስ?»

«ባርናቤማ ወዳጄ ነው።»

«እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።»

በዚያው ማታ አራተኛው ገቢር ላይ ንጉሡ ከዙፋኑ ብድግ አለ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ እንዲያደምጠው ቀኝ እጁን አነሣ። «ወገኖቼ፣ ደክሞኛል…» ከማለቱ አዳራሹ ተናጋ፤ ኮፍያ ወደ ላይ፣ አበባ ወደ መድረክ። ዝም እንዲሉ እጁን ደግሞ ቢያነሣ ባሰባቸው።

በዕረፍቱ ሰዓት ባርናቤን አስጠራው።

«ወዳጄ፣ ደክሞኛል ያልኩት እኮ የምሬን ነው።»

«እንዴት ያለ አነጋገር ነበር ጌታዬ! ዙፋን ላይ ሆኖ ‹ደክሞኛል›! ጭፍሮቼ ተንሰቀሰቁ።»

«ባርናቤ፣ አሁን አታጨብጭብ።»

«ትሕትናዎ ይገድለኛል! ለዚህስ በእጥፍ ነው!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

አምስተኛው ገቢር ደረሰ። ሠራተኞቹ ችቧቸውን ለኩሰው ጆሯቸውን አቀኑ። ንጉሡ እጁን አላነሣም። ዘውዱን አውልቆ ዙፋኑ ላይ አስቀመጠና መውረድ ጀመረ። ደረጃውን ወረደ፤ መድረኩን ወረደ፤ በሙዚቀኞቹ መሀል አልፎ አዳራሹ ውስጥ ገባ። ንጉሥ በእግሩ ሲወርድ አይቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም አፉን ከፈተ። የባርናቤ እጆች በልማድ ከጭኑ ተነሡ። ሊገናኙ ሲሉ ኦዲሎን ደረሰና ሁለቱንም ያዛቸው። መዳፎቹ እንደ ፍም ይፋጃሉ።

«ይብቃን፣ ወንድሜ» አለው፣ ብጥስጥስ ባለ ድምፅ።

ባርናቤ ደነገጠ። «ድምፅዎ እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

ያን ጊዜ ከላይ፣ ከርካሹ መቀመጫ፣ አንዲት ሴት ተነፈሰች፤ «እፎይ! እኔንም እኮ እጄን አሞኝ ነበር።» ከጎኗ ያለው ሳቀ፣ ቀጥሎ ፎቁ ሁሉ ሳቀ። ሰው ካፖርቱን እየለበሰ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ማውራት ጀመረ። ማዳም ክሎቲልድ መጥታ ባሏን በክንዱ ደግፋ ወሰደችው፤ እሱም በሩ ላይ ሲደርስ ውሃ ጠየቀ፤ ደግሞም ተሰማ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሠራተኞቹ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻም ችቦውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ያጨበጨበ ስላልነበረ ከተማዋ ሳትቃጠል አደረች።