የዳጂ ጆሮ

የሙዚቃ ድግስ ባለበት አገር ሁሉ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት የሚያርም አንድ ሰው ከፊተኛው ረድፍ አይጠፋም። ለእኛ ለሚራጅ ከተማ የደረሱን ክቡር ዳጂ ኢናምዳር ናቸው፦ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ራሳቸውን በራሳቸው የሾሙ የዜማ ዳኛ።

ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ነው። ድሮ ማለት ነገሥታቱ ዘፋኞችን በግቢያቸው የሚቀልቡበት፣ ድሩፓድ የሚባለው ጭምት አዘፋፈን የነገሠበት ዘመን ነው። ከዚያ ኸያል የሚባለው ያሸበረቀ አዘፋፈን መጣ፤ «ጌጥ በዛ!» ነገሥታቱ ደኸዩ፣ ዘፋኞቹም በባቡር እየዞሩ ቲኬት ለቆረጠ ሁሉ ዘፈኑ፤ «ገበያ ሆነ!» በመጨረሻ ሸክላ መጣና የሁለት ሰዓቱ ዜማ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተጠቀጠቀ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ውሃ ይጠጣሉ።

የጥንት ሊቃውንትን ስም ሲያነሡ ግን እንደ ወጋችን የጆሯቸውን ጫፍ ይነካሉ፤ ባልተገባ አፌ ስለጠራኋችሁ ይቅርታ ማለት ነው። ከሸክላ ወዲህ ለተወለደ ዘፋኝ ጆሯቸውን ሲነኩ አይቼ አላውቅም።

እኔ ታንፑራ የሚባለውን ዘፋኝ የሚያጅብ የክር መሣሪያ እሠራለሁ፤ ቅል እፍቃለሁ፣ ክር እወጥራለሁ። የምትዘፍነው ባለቤቴ ሱማቲ ነበረች። ማለዳ ልምምዷን ስትጨርስ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይመጣል።

«እህት ዓለም፣ ሦስተኛዋ ድምፅ ዝቅ አለች! ድሮ እንዲህ አልነበረም!»

«ዳጂ፣ ንጉሡ ግቢ ሻይ ይቀዱ የነበሩት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ብሆን ሻዩ እንዳንቺ ቤት አይቀጥንም ነበር!»

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ክረምት ሱማቲ አረፈች። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ልጃችን ሬቫቲ የእናቷን ዜማ ልትዘፍን ተነሣች። ሱማቲ ከመምህሯ የወረሰችው ነው፤ እንዳይጻፍና እንዳይቀዳም አስምለዋታል። የድሮ የዘፋኝ ቤቶች ዜማቸውን እንደ ወርቅ ይደብቁ ነበር። ሬቫቲ የምታውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን እናቷ «ስትበስይ» እያለች ስታቆየው ቀረ። ሦስት ማለዳ ሞከረች፤ ሦስቱንም እኩሌታው ላይ ቆመች። ዜማው ከእናቷ ጋር እንደሄደ ሁለታችንም አወቅን።

በአራተኛው ማለዳ ዳጂ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ልጄ፣ ድምፅ የለኝም። እንዳትስቂ» አሉ።

ከዚያ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ በሚል ድምፅ፣ ምቱን ጭናቸው ላይ እየቆጠሩ፣ ሁለተኛውን ግማሽ እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩት። አንድ ቃል አልጎደለም።

ሬቫቲ እንባዋን ጠረገች። «ዳጂ፣ ሦስተኛዋን ድምፅ እኮ ዝቅ አደረጓት። ስህተት ነው ይሉ አልነበር?»

«ዝቅ ነው የምትለው» አሉ። «እንዲህ አድርጋ የዘፈነቻት… ሱማቲ ናት።»

የጆሯቸውንም ጫፍ ነኩ።

ሻይ አፈላሁላቸው። ቀመሱት።

«ቀጥኗል» አሉ።

ቅጠል ጨመርኩላቸው።