ግሽበትና በቅሏችን ዳማ

እናንተ ቤት ሬዲዮ ሲያወራ ሰው ዝም ይላል? እኛ ቤት ከዜና አንባቢው እኩል ሁሉም ያወራል። ስለዚህ ከዜናው የሚደርሰን ግማሹ ነው። ባለፈው ታዲያ በዚህ ግማሽ ዜና የተነሳ በቅሏችንን ልናጣት ነበር።

በቅሏችን ዳማ ትባላለች። ሥራዋ አገር ሊያይ የመጣ እንግዳ ተሸክማ ተራራው አናት ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም መውጣት ነው። ዳገቱን የወጣ ያውቀዋል፤ ያልወጣም ከታች ሆኖ ሲያየው ጉልበቱ ይነግረዋል። የኢኮኖሚክስ አስተማሪያችን፣ በሀብታሞቹ አገር ልጅ የሚወልድ እየጠፋ ሕዝቡ እያረጀ ነው ሲሉ ክፍሉ ሁሉ አዘነ። እኔ ግን በልቤ፣ ለዳማ ጥሩ ነው አልኩ። ወጣቱ ፈረንጅ በእግሩ ይወጣል። በቅሎ የሚፈልገው ሽማግሌው ነው። የእኔ ደብተርና ጫማ በሰው አገር አያቶች ጉልበት ላይ የቆመ ነው ማለት አይደል?

ችግሩ እንግዳው አነሰ፤ ፉርሽካው ደግሞ ተወደደ። ፉርሽካን ምን አገኘው አትሉኝም? ስንዴው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ መኪናው የሚጠጣው ነዳጅም ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እዚያ ማዶ የተወደደ ነገር ሁሉ መጨረሻው የዳማ ግርግም ነው። አባቴ እንሽጣት ይሆን እያሉ ሲያመነቱ ከረሙ።

አንድ ሐሙስ ማታ ሬዲዮው የዋጋ ግሽበት ቀነሰ አለ። አብረውን ይሰሙ የነበሩት ጎረቤታችን አያ ሞገስ እሳቸውም በቅሎ የሚያከራዩ ናቸው። ቀሪውን ሳይሰሙ ተረጎሙት። ዋጋ ወረደ ማለት ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ በቅሎ ሁሉ ይረክሳል፤ ዛሬ ካልሸጥክ ነገ የሚጠይቅህም አታገኝ አሏቸው አባቴን። አባቴ ደነገጡ። እዚያው ተቀምጠው ለአንድ የኩልመስክ ከተማ የበቅሎ ነጋዴ ደወሉለት።

ዓርብ ጠዋት ነጋዴው መጣ፤ አያ ሞገስም ሽያጩን ሊያዩ መጡ። የዳማን ጥርስ አየ፤ ሰኮናዋን አነሳ። አባቴ ልጓሟን ይዘው ወዲያ ወዲያ ያያሉ። እናቴ አላይም ብላ ቤት ገባች።

በሽማግሌ ፊት መናገር አልችልበትም። ድምፄ መንገድ ላይ ይቀርብኛል። ያን ጠዋት ግን ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«አባባ፣ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም» አልኩ።

አያ ሞገስ ዘወር ብለው አዩኝ። «እና ሬዲዮው ዋሸ በይና፣ አንች ልጅ»

አልዋሸም አልኩና ወደ ዳማ አመለከትኩ። ዳገቱ ሲጀመር ትፈጥናለች፤ ወገቡ ላይ ስትደርስ ዝግ ትላለች። ዝግ አለች ማለት ወደ ታች ተመለሰች ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዋጋውም እንደዚያው ነው። ባንኮችን ሁሉ የሚያዘው ትልቁ ባንክ ብድሩን አጥብቦ ልጓሙን ሳብ ሲያደርገው ዝግ አለ እንጂ፣ አሁንም ሽቅብ ነው አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስተማሪያችን በሥዕል ሲያስረዱን ለእኔም አልገባኝም ነበር። ገና ስናገረው ነው የገባኝ።

ነጋዴው ሰኮናዋን ለቀቀ። አያ ሞገስ ጢማቸውን ያዙ። አባቴ እኔን አዩ፣ ዳማን አዩ።

«እንግዲያ እሷም ገና ትወደዳለች?»

«ትወደዳለች አባባ። ዝግ ብላ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለኝ» አሉና ወደ ጋጣዋ መለሷት። ነጋዴው ተማሪ ካለበት ቤት ሁለተኛ በቅሎ አልገዛም እያለ ሄደ። እኔ እፎይ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ብቅ ብላ ለዳማ ገብስ ዘገነችላት። ገብስ ስንት እንደገባ ያን ሰዓት ማንም አላነሳም።

አስተማሪያችን ሌላም ነገር ብለውን ነበር። ሰው ሁሉ ነገ ይወደዳል እያለ ያለውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ዋጋው የሚብሰው በዚያው ነው ብለዋል። ይህንን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዋጋው ገና እየወጣ ነው?» ይሉኛል። «ገና እየወጣ ነው አባባ» እላቸዋለሁ።

አገሩ ሁሉ ዋጋ እንዲወርድ ስለት ይሳላል። እኔም እናቴ ከዘይት ግዢ ተክዛ ስትመለስ አንጀቴ አይችልም፤ አብሬያት እሳላለሁ። ብቻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እመቤቴ፣ የበቅሎን ዋጋ ለይተሽ እለፊው እላለሁ።