የሰማዩ አስተዳዳሪ

በየሰፈሩ ሰማዩን በግሉ የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረው አይችልም። ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ለአላፊ አግዳሚው የዕለቱን አዋጅ ያሰማል። ኩራቱን ላየ፣ ዝናብ የሚወርደው እሱ ሲፈርም ብቻ ይመስለዋል።

የእኛ ሰፈር ክቡር አስተዳዳሪ ጋሼ ሚሊሜትር ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የከተማው ኮሌጅ ጣሪያ ላይ እየወጡ የዝናብ መለኪያውን ሲያነቡ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው በራሱ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው ለክቶ ዝም ይላል። ጋሼ ዝም ማለት አይችሉበትም።

እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው፤ ኮሌጁ በአናጺነት ቀጥሮት። ከተማዋ አንድ አስፋልት፣ አንድ ኮሌጅና ስፍር ቁጥር የሌለው ጭጋግ ነው ያላት። ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲሄዱ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ውሻው እንኳ የሚጮህበት ሰው ያጣል። ባሌ ጭጋጉን አንድ ዓመት ሳይችለው ወደ መጣንበት ተመለሰ። እኔና አስም ያለባት ልጄ ቀረን። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ እዚህ ግን የማጥበው አንሶላ እንኳ ዲግሪ ሊይዝ ጥቂት ነው የቀረው።

አዎ፣ አንሶላ አጥባለሁ። በየሳምንቱ አርባ የተማሪ አንሶላ፤ ሐሙስ ታጥቦ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደርቆ መድረስ አለበት። ግቢ ውስጥ ባሰጣው ዝናብ አለ፤ ክፍላችን ውስጥ ባሰጣው ደግሞ ግድግዳው ይሻግታል፣ የልጄ ደረት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። የተማሪዎች ማደሪያው ተቆጣጣሪ ሁለት ጊዜ እርጥብ አንሶላ አግኝታብኛለች። ሁለተኛው ላይ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ሦስተኛ ጊዜ ካመጣሽልኝ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ» አለችኝ። ከዚያ ሥራ ሌላ የምንበላበት የለንም።

ከክቡርነታቸው ጋር የተዋወቅነው ገና ዕቃችንን ከመኪና አውርደን ሳንጨርስ ነው። ፍራሻችንን አውርደን መንገድ ዳር እንዳስደገፍነው መጡ።

«አትጣደፉ ልጆቼ፤ መጀመሪያ ቤቱን ጥረጉ። አንድ ጠብታ አይወርድም። ሠላሳ ዓመት ለክቻለሁ!»

ቤቱን ሳንጠርግ ወረደ። ያ ፍራሽ ለሦስት ወር ሰው የሰጠመበት ኩሬ ኩሬ ሸተተ።

የምረቃ ዕለት ደግሞ ፎቶ አንሺው ምክር ጠየቃቸው። «ወንበሩን ሜዳው ላይ ደርድረው! በእኔ ይሁንብህ!» ሦስት መቶ ተመራቂ ጋዋኑን ራሱ ላይ ገልብጦ ሲሮጥ፣ እሳት የተነሳ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን ሞተ። ጋሼ ለቀብረኛው ሁሉ ጃንጥላ እንዳይዝ ተናገሩ፤ ሰማዩ ራሱ ሐዘን ላይ ስለሆነ አይዘንብም ብለው። ምስኪኑን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ቀበርነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው ጫማ በአንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ የሰፈሩ ባለሱቅ ናት።

«አንቺ እህቴ፣ እስካሁን አልገባሽም እንዴ? ጋሼ ፀሐይ ነው ካሉ ልብስሽን አንሺ፤ ይዘንባል ካሉ አስጪ። እኛ እኮ የምንኖረው በዚሁ ነው!»

እውነቷን ነበር። ጋሼ «ፀሐይ» ሲሉ ባለሱቋ ጃንጥላዎቿን በር ላይ ትደረድራለች። ግንበኛው ሲሚንቶውን ይሸፍናል። እሳቸው ብቻ ባዶ እጃቸውን ወደ ኮሌጁ አጥር ወጣ ይላሉ፣ በስብሰው ይመለሳሉ፣ መንገዱ ሙሉ ይስቃል። እኔም ሥርዓቱን ያዝኩ። ሐሙስ ሐሙስ በአጥር በኩል፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነው?» እላለሁ፤ ይነግሩኛል፤ ተቃራኒውን አደርጋለሁ። ሁለት ዓመት አንድ አንሶላ አልረጠበብኝም። 

ባለፈው ወር ጋሼ ታመሙ። ሐኪሙ ደረታቸው ውሃ ቋጥሯል ሲላቸው፣ «ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብለው ጠየቁት አሉ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል፤ አርባውንም አሰጣሁና ልጠይቃቸው ገባሁ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሻሉ። የነበሩት ሰውዬ ግማሽ ሆነዋል።

«አንሶላው ገመድ ላይ ነው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሂጂ አንሺው። ሊዘንብ ነው።»

ደስ አለኝ። ይዘንባል ካሉማ ምን ቸገረኝ? ወንበር ስቤ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ሴት፣ ተነሺ እንጂ!»

«ቆይ ጋሼ፣ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እርስዎን ልይ።»

ወደ እኔ ዘወር አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ የምዋሽበት ትንፋሽ የለኝም» አሉ።

«ምኑን ነው የሚዋሹት?»

«ሁሉን። አንድ ቀን ፀሐይ ነው ስልሽ እየሮጥሽ ልብስሽን ስታነሺ አየሁሽ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ እየገለበጠ እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እስከዚያ የማምነው ዓይኔን ነበር፤ በኋላ ሳስበው፣ ይሄ ጉልበቴ ከመሣሪያው ቀድሞ ያውቃል፤ ዝናቡ ሊመጣ ሲል ይቆረጣጥመኛል። እውነቱን ብነግራችሁ ማን ይሰማኛል? ውሸቴን ግን ሁላችሁም ትሰማላችሁ።»

«ታዲያ ባዶ እጅዎን ወጥተው የሚበሰብሱት...?»

«ጃንጥላ ይዤ ብወጣ ማን ያምነኛል?» ሳል አቋረጣቸው። «ለማንም እንዳትነግሪ። ካወቁ ማሰብ ይጀምራሉ፤ ካሰቡ ይረጥባሉ። በይ ሂጂ!»

ውጭ አንዲት ደመና አትታይም። ባለሱቋ በሯ ላይ ሆና፣ «ደህና ናቸው? ምን አሉ?» አለችኝ። አልፌያት ወደ ገመዱ ሮጥኩ። አንሶላዎቹን ከዳር ጀምሬ መሳብ ያዝኩ፤ በአንድ በኩል ሁለት ዓመት ያልሳተኝ ሥርዓት፣ በሌላ በኩል የአንድ በሽተኛ ጉልበት። ሃያውን አነሳሁ። ሠላሳውን አነሳሁ። የመጨረሻውን ጠቅልዬ ደፉን ስረግጥ ዝናቡ ከኋላዬ እንደ ጠጠር ይወርድ ጀመር። አንሶላዎቹ ደርቀዋል፤ በነጋታው ተቆጣጣሪዋ በጉንጯ እየነካካች አንድ በአንድ ተቀበለችኝ።

ጋሼ ይሻላቸዋል የሚል ሰው የለም። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተንላቸዋል። ዛሬም ጠዋት መስኮቱ አንድ ስንዝር ተከፈተና ያ የከሳ ድምፅ ወጣ።

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው! በእኔ ይሁንባችሁ!»

ባለሱቋ ጃንጥላዎቿን እያወጣች፣ «ኧረ እኚህ ሰውዬ፣ ሊሞቱ ጥቂት ቀርቷቸው እንኳ አይማሩም!» አለች። ግንበኛው ሲሚንቶውን እየሸፈነ ሳቀ። መንገዱ ሙሉ ሳቀ። እኔም አንሶላዬን ወደ ቤት እያስገባሁ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ለሌላው ሰው ብዬ አይደለም። እሳቸው መስኮቱን የሚዘጉት የእኔን ሳቅ ከሰሙ በኋላ ነው።