ከስቶን ማውንቴን ኮንየርስ፣ በአማካይ

አንድ ቀን ባየው ነገር ዕድሜ ልኩን የሚምል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በየማለዳው ከስቶን ማውንቴን ወደ ኮንየርስ መጋዘን የምሄደው በእንዲህ ያለ ሰው መኪና ነው። ጋሽ ጀማል አንድ የበዓል ቀን መንገዱ ጭር ብሎላቸው በሠላሳ ደቂቃ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ፣ «ሃይዌዩን ከያዝን ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ወላሂ!» ይላሉ። የእሳቸው ሥራ ከእኔ ዘግይቶ ስለሚጀምር መማል አይከብዳቸውም።

እኔ ግን ስታትስቲክስን ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሃያ ማለዳ ሰዓት ይዤ አሰላሁ፤ አማካዩ ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ሁለት ደቂቃ ነው፣ በዘጠና አምስት በመቶ እርግጠኝነት፤ ይህንኑ ለጋሽ ጀማል ነገርኳቸው። አንዴ ደግሜ ካረፈድኩ እንደምባረር ተነግሮኛል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሥራ ልገባ ልክ አርባ ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ ተነሳን።

ኮንየርስ ልንገባ ስንል የዕቃ ባቡር መንገዱን ዘጋው። ፉርጎው አያልቅም። ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ሞላ፤ አርባ አንድ።

«ይሄ ባቡር ከዘጠና አምስቱ ነው ከአምስቱ?» አሉ ጋሽ ጀማል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!»

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። ያሰላሁት አማካዩ የሚገኝበትን ክልል ነበር፤ የአንድ ማለዳ መንገድ ግን ከዚያ ብዙ ወጣ ገባ ይላል። እሳቸው በአንድ ቀን ሁሉንም ቀን ገመቱ፣ እኔ በሃያ ቀን አንዷን ሰኞ። ታዲያ ማን ይሻላል?

አራት ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። አለቃዬ በር ላይ ቆሞ የመግቢያ ካርዴን ተቀበለኝ።

«በአማካይ እኮ ሁልጊዜ በሰዓቴ ነው የምደርሰው» አልኩት።

«ልክ ነህ» አለኝ፤ ካርዱን ግን አልመለሰልኝም።