ኳስ ሙራድን ስትከስ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ የቤቴን ቆርቆሮ ስታግለው፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ያየሁትን ሕልም እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኳት። እሷ ሕልም መፍታት ከጀመረች መጨረሻው ሁልጊዜ የኔ ጥፋት ነው።

ሬዲዮ ጣቢያ የሄድኩት ስለ ሙራድ ልናገር ነበር። ሙራድን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ግራ እግር አይቼ አላውቅም። በሃያ ዓመቱ በረዶ ወደማይጠፋበት አገር ሄደና በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አራት ጎል አገባ። በሁለተኛው ዓመት ሁለት። ከሁለቱ አንዷ የራሱ ቡድን መረብ ውስጥ ነው የገባችው። በመሃል ከእረፍት አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ተመለሰ፤ ቅጣት ምቱን ለምን እኔ አልመታም ብሎ የራሱን አምበል በቴስታ መታ፤ ሲቀይሩት ደግሞ ማሊያውን አውልቆ አሠልጣኙ ፊት ላይ ወረወረ። ከዚያ አንድ እሁድ ይነሳና ሦስት ተከላካይ አልፎ፣ በረኛውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ዓለሙን ጉድ ያሰኛል። እኛም «ተመለሰ!» እንላለን። በሚቀጥለው እሁድ የለም።

ጋዜጠኛው «ኮች ከፈለኝ፣ ልጁ ምን ነክቶት ነው?» ሲለኝ፣ «ምንም አልነካውም። ፈረንጆቹ ናቸው ያልገባቸው። ልጁ የሚፈልገው ፍቅር ነው» አልኩ። ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡልኝ። ቤቴ ገባሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ወዲያው ራሴን ስታዲየም ውስጥ አገኘሁት። ነገር ግን ተመልካቹ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ ጥላ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ቀኝ ጉልበቴ ውሃ የቋጠረ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ቁጥር ለብሻለሁ። በግራ መስመር የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ደምሴ መቀሱን እንደያዘ ይሮጣል። ኳስ ወደ እኔ መጣች። ልመታት ስል አለፈችኝ።

«ሩጥ እንጂ! አንተ ሰነፍ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀና ብል ሙራድ ነው።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልኩ።

«ሁልጊዜ ምክንያት! የለበስከውን ማሊያ አታፍርበትም? አሁንስ በቃህ፣ ውጣ!»

ጥላ ፎቁ በሙሉ «ውጣ! ውጣ!» አለብኝ። አንዱ የለውዝ ልጣጭ ራሴ ላይ በተነብኝ። የገረመኝ ስድቡ አልነበረም፤ ስድቡ የራሴ መሆኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አንዱን ምስኪን ተከላካይ የሰደብኩትን፣ ቃል ሳይጎድል መልሰው ወረወሩልኝ።

ዳኛው እያለቀሰ ወደ ሙራድ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ዛሬም ቀይ ሊሰጡኝ ነው?»

«ጨዋታውን በሰዓቱ ጀምረሃል» አለው ሙራድና ከኪሱ ቀይ ካርድ መዘዘ። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። ሚስቱና ልጆቹ በር ላይ ቆመው «አይዞህ፣ በይግባኝ ትዘገያለህ» ሲሉት ሰማሁ።

ሜዳውን አቋርጬ ልወጣ ስል ሜዳው አልቆ የሙራድ እናት የወይዘሮ ፈቲያ ግቢ ሆነ። በሩ ላይ ሰባት ሽማግሎች፣ ሁሉም ባለ ሱፍ ፈረንጆች፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ተሰልፈዋል። የሙራድ ክለብ ፕሬዚዳንትና ቦርዱ ናቸው።

«ምን አጥፍታችሁ ነው?» አልኳቸው።

ፕሬዚዳንቱ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ተወልዶ ያደገ ይመስል አማርኛውን እያቀላጠፈ፣ «ሙራድ ከእረፍት አሥራ አንድ ቀን ዘግይተው ሲመጡ እኛ ቀድመን ተገኝተን ጠበቅናቸው። አሳፈርናቸው። ይቅር እንዲሉን ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም። ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፤ ሙራድም እኔን «አቦ አንተ ኮች» እያለ ነው ያደገው። በዚያ ግቢ ግን ሙራድን አንቱ የማይል ሰው አጣሁ። እናቱ እንኳን አንቱ ትለዋለች። እኔም ሳላስበው፣ «እሳቸው አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ቀስ በል፣ ልምምድ ላይ ናቸው» አለችኝ ወይዘሮ ፈቲያ።

«የት?»

«መኝታ ቤት።»

ገባሁ። ሙራድ አልጋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች እንቅልፉን እንዳይረብሹት ታኬታቸውን አውልቀው በእግር ጣታቸው አልጋውን ይዞራሉ። በቴስታ የመታው አምበል፣ ግንባሩ እንደ ብርቱካን ያበጠው፣ ራስጌው ቆሞ በካርቶን ያራግብለታል።

«እኔ ደህና ነኝ» አለኝ አምበሉ በሹክሹክታ። «እሳቸውን ነው እንጂ። ግንባሬ ጠንካራ ስለሆነ ራሳቸውን አሟቸው እንዳይሆን።»

ወይዘሮ ፈቲያ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ድምፅዋ እንደሌሎቹ አልነበረም። የእውነት ድምፅዋ ነበር።

«ኮች፣ እስቲ አንተ ቀስቅሰው። እኔን አይሰማኝም።»

«ይተኛ፣ ነገ ጨዋታ አለው» አልኳት።

«ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ይህንኑ ነው የምትለኝ። ትምህርት ቤት ሲቀር ጨዋታ አለው። ሲሳደብ ጨዋታ አለው። ጨዋታ የሌለው ቀን መቼ ነው ንገረኝና ያን ቀን ልቆጣው።»

ይህን ስትል አልጋው ጎማ አውጥቶ መንከባለል ጀመረ። እኛም ተከተልነው። ፈረንጆቹ ከነድንጋያቸው፣ አምበሉ ከነካርቶኑ፣ ሁላችንም ተግተልትለን ፍርድ ቤት ገባን።

ዳኞቹ ሦስት በረኞች ነበሩ፤ የበረኛ ጓንት ስላጠለቁ መዝገቡን መግለጥ አቅቷቸዋል። መሃለኛው ጓንቱን በምራቁ እያራሰ አንዲት ገጽ ለመግለጥ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ፣ «ከሳሽ ማን ነው?» አለ።

ኳስ ከወንበር ላይ ወረደች። አየሯ ጎድሏል፤ አንድ ጎኗ ሰርጉዷል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተከሳሽ ጥሎኝ ጠፍቷል። ከጥቅምት ጀምሮ አልነካኝም።»

«ሌሎቹ አይነኩሽም?»

«ሌሎቹ ይጠልዙኛል፣ ክቡር ዳኛ። እሱ ያናግረኛል። እሱ ሲነካኝ ኳስ መሆኔ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ስድስት ወር ይጠፋል። ተከራይ እንኳን ሲወጣ ቁልፍ ይመልሳል!»

መሃለኛው ዳኛ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። «የተከሳሽ ጠበቃስ?»

ጠበቃው ሦስት መቶ ደጋፊ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ።

«አየሩ ነው!»

«ምግቡ ነው!»

«አሠልጣኙ ነው፣ ይጠላዋል!»

«ዓይን ነው! ሰው ዓይኑን ጥሎበት ነው!»

«ፀጉሩን የቆረጠው ሰውዬ ነው!» ሲል አንዱ፣ ደምሴ መቀሱን ጥሎ በመስኮት ወጣ።

«እሱ ራሱስ?» ብሎ ጠየቀ ዳኛው።

ደጋፊው ተያየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። አንዱ ከኋላ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ያ ደግሞ ምን አገናኘው?» አለ፤ የቀሩትም አጨበጨቡለት።

ከዚያ የኔን ስም ጠሩ። ምስክር ነኝ። እጄን አስነስተው እውነቱን እንዳልናገር አስማሉኝ። እኔም በደስታ ማልኩ፤ ሬዲዮ ላይ የለመድኩት ነው። ነገር ግን እዚያ አገር መሐላውም የሚሠራው ተገልብጦ ኖሮ፣ አፌን ስከፍት እውነቱ ይዘረገፍ ጀመር።

«ሙራድ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ምን አደረገ?»

«በረኛችንን በቦክስ መታው። ሁለት ጥርሱን አወለቀው።»

ሦስቱም ዳኞች አፋቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ።

«አንተስ ምን አደረግክ?»

«በረኛውን ተጠባባቂ አድርጌ አስቀመጥኩት። አፉ ስላበጠ ቡድኑን ያስፈራል ብዬ።»

«ሙራድንስ?»

«አምበል አደረግኩት።»

«አሸነፋችሁ?»

«አራት ለአንድ። ሦስቱን ያገባው እሱ ነው። ቤቴ ውስጥ ፎቶው ተሰቅሏል።»

«ፎቶው ላይ በረኛው አለ?»

«የለም።»

«ስሙ ማን ነበር?»

አፌ አሁንም እንዳልዋሽ ያዘኝ። «ሸምሱ» አልኩ። «ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ አልመጣም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል። እኔ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።»

ያን ጊዜ ሙራድ ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። ፊቱ የአሥራ አምስት ዓመቱ ፊት ነበር፤ አገጩ ላይ ገና ፀጉር አልበቀለም። እናቱ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ አንቱ ሲለው ያልሰማ ይመስል፣ እንደ ድሮው አናገረኝ።

«አቦ ኮች፣ ያን ቀን አስቀምጠኸኝ ቢሆንስ?»

«እንሸነፍ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ?» አለኝ።

ለዚህች «ታዲያ» መልስ ፈለግኩ። ኳስን አየኋት፤ እሷም እያየችኝ ነው። ወይዘሮ ፈቲያን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። በሕይወቴ ብዙ ጨዋታ ተሸንፌያለሁ፤ በማግስቱ ሁልጊዜ ቁርሴን በልቻለሁ። ይህንን ልነግረው አፌን ስከፍት ሦስቱ ዳኞች ብድግ አሉ።

«ምስክሩ ጥፋተኛ ነው!» አለ መሃለኛው። «ስለዚህ ይሸለም!»

ደጋፊው በደስታ አበደ። ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፣ ዘፈኑልኝ፣ ዋንጫ አመጡልኝ። ዋንጫው ውስጥ ሁለት የልጅ ጥርሶች ነበሩ፤ ሲያነሱት ይንቃጨላሉ። «ጠጣ! ጠጣ!» አሉኝ። አልጠጣም ብዬ ስታገል ከትከሻቸው ወደቅኩ።

ነቃሁ። ላብ አጥምቆኛል። ስልኬ ትራስ ሥር ይጮኻል። አነሳሁት፤ ሙራድ ነው።

«ኮች፣ አውሮፕላን አመለጠኝ።»

«የቱ አውሮፕላን?»

«የብሔራዊ ቡድኑ ነዋ! ዛሬ ማታ ካምፕ ካልገባሁ አሠልጣኙ ይቀንሰኛል። ኤርፖርት ውስጥ ጫማ እያየሁ ነው የሄደው። ሦስት ጊዜ ስሜን ጠርተዋል አሉ፤ ግን አቦ አጠራራቸው አያስታውቅም።»

ቁጭ አልኩ። ሕልሙ ገና ከዓይኔ አልጠፋም። አሁን ልንገረው አልኩ፤ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም።

«ሙራድ፣ ልጄ፣ ስማኝ። አንድ ቁም ነገር ልነግርህ እፈልጋለሁ።»

«እሺ ኮች፣ እሰማሃለሁ። ግን መጀመሪያ የቡድን መሪው ጋ ደውልልኝ። አያቱ ሞታ ነው በለው። አንተን ያምንሃል።»

«እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን እውነቱን ንገራቸው!»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለኝ፣ ምንም ሳይከፋው። «ከዚያ እሁድ ያለ እኔ ይጫወታሉ። ብንሸነፍም ችግር የለውም፣ አይደል?»

እሁድ ካሸነፍን እናልፋለን። ለማሸነፍ ደግሞ ጎል ያስፈልጋል። ጎል የሚያገባ ሌላ ሰው በሐሳቤ ፈለግኩ፤ ከጅጅጋ እስከ መተማ ዞርኩ፤ አላገኘሁም።

ስልኩን ዘጋሁና ለቡድን መሪው ደወልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የሙራድ አያት ማረፋቸውን አረዳሁት።

«ነፍስ ይማር» አለኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። «ይቅርታ ኮች ከፈለኝ፣ ለመዝገቡ ያህል ነው። መስከረም ላይ ያረፉት የእናቱ እናት ነበሩ። ጥር ላይ የነገርከኝ ደግሞ የአባቱን እናት ነው። እኚህኛዋ የማን እናት ናቸው?»

«የእንጀራ አባቱ» አልኩ።