የጋሽ ሸምሱ ቆሽትና የእኔ ጥንቃቄ

ክፉ ወሬ ሲሆን የእኛን ያህል ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ትንሽ አሞታል» ካሏችሁ ሰውየው ሆስፒታል ተኝቷል፤ «ደከም ብሏል» ካሏችሁ ጥቁር ልብሳችሁን ፈልጉ። እንዲህ ስላደግን ተጠንቅቆ የሚናገር ሰው ስናይ እንደነግጣለን። የእኔ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኔ መልካሙንም ተጠንቅቄ ነው የምናገረው።

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ጋሽ ሸምሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እሠራ ነበር። ጥናቴ ዚንክ በቆሽት ካንሰር ውስጥ ስላለው ሚና ነው። ዚንክ ለሁላችንም የሚያስፈልግ ማዕድን ነው፤ ወደ ሕዋስ የሚገባው ግን እንደ በረኛ በሚያገለግሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። በቆሽት ካንሰር አንደኛው ዓይነት በረኛ ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሕዋሱም የገባለትን ዚንክ ይዞ ያድጋል። ይህን አንድ ቀን ለጋሽ ሸምሱ አስረዳኋቸው። ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው፤ የሚሠሩትም እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው ቅብ ዚንክ መሆኑንም፣ ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጨመርኩላቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሆዳቸውን ያማቸው፣ ዓይናቸውም ቢጫ ይሆን ጀመር። ሐኪሞች ቆሽታቸው ላይ እብጠት አይተው ናሙና ወሰዱ። ጋሽ ሸምሱ ሥራ አቆሙ። «አርባ ዓመት የቀጠቀጥኩት ነው የገደለኝ» ይላሉ። ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ይህን በሽታ ያመጣል የሚል ነገር አላነበብኩም ስላቸው፣ «ገና አልደረስክበትም» ይሉኛል።

ውጤቱን ልጃቸው ፈቲያ ይዛ መጣች። አፏን ሳትከፍት አባቷ ወረቀቱን ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«በተወሰደው ናሙና ውስጥ የካንሰር ሕዋስ አልታየም» አልኩ።

«ባልተወሰደውስ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ስላልተወሰደው በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል።»

ባለቤታቸው እማማ ከድጃ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ጋሽ ሸምሱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ቀስ እያልክ አታርዳኝ። ዚንኩ ነው፣ አይደል?»

«ስለ ዚንኩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

ለቅሶው ተጀመረ። ጎረቤት በሩን ገፍቶ ገባ።

ፈቲያ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀች። «አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ ነግሮኛል። ካንሰር የለብህም። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ዘግቶት ነው ያበጠው፤ ጠጠሩ ይወጣል፣ ትድናለህ። እኔ እያለሁ ይሄን ሰውዬ ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?»

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እስካሁን ባለው መረጃ» የሚለው ሐረግ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አዎ» አልኩ።

አዎ ብቻ። እማማ ከድጃ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በዚያው ሻሽ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ሊያስተዛዝን የመጣው ጎረቤትም ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ከቀዶ ሕክምናው ካገገሙ በኋላ ጋሽ ሸምሱ የወጡላቸውን ጠጠሮች በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። መስኮቱ ጋ ቆመን እያገላበጥን አየናቸው።

«ይሄስ ዚንክ አለበት?» አሉኝ።

የሐሞት ጠጠር ውስጥ እጅግ ጥቂት ዚንክ ሊገኝ እንደሚችል አንብቤያለሁ። እነዚህኞቹ ላይ ይኑር አይኑር ለማወቅ መለካት ነበረብኝ።

«የለበትም» አልኩ።

ጠርሙሱን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያች ሰዓት እስከ ማታ ግቢው በቆርቆሮ ጩኸት ተሞልቶ አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ ዋልኩ። ቅር አላለኝም።